«ዳማስክ» የሚባለው ጨርቁ ነው፣ ቢላው ነው ወይስ ጽጌረዳው?

ማኅሌት_ዘ

ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ለመጋረጃና ለጠረጴዛ ልብስ የሚሆን ጨርቅ ኦንላይን እየፈለግኩ ነው፤ «ዳማስክ» ብዬ ስጽፍ ግን የሚመጡልኝ ነገሮች አንዱ ከሌላው አይገናኙም። መጀመሪያ ነጭ በነጭ የሆነ፣ አበባው እንደ ምንም የሚታይ የጠረጴዛ ልብስ መጣ። ከሥሩ ቀይ በወርቃማ የሆነ የሶፋ ጨርቅ። ከዚያ የግድግዳ ወረቀት። ትንሽ ወረድ ስል ላዩ ላይ የውሃ ሞገድ የመሰለ መስመር ያለበት ቢላ፣ ቀጥሎ ደግሞ የጽጌረዳ ዘይት! ሁሉም ዳማስክ ነው የሚሉት።

በዚያ ላይ የጨርቅ ሻጮቹ ራሳቸው አይስማሙም። አንዱ ዳማስክ ማለት ሐር ነው ይላል። ሌላው «መቶ በመቶ ፖሊስተር ዳማስክ» ብሎ ይለጥፋል። ሦስተኛው «ጃካርድ ዳማስክ» ይላል። እና ዳማስክ የክሩ ስም ነው፣ የአሠራሩ ነው ወይስ የአበባው ቅርጽ? ጨርቁን በእጄ ይዤ በምን አውቀዋለሁ? ቢላውና ጽጌረዳውስ ከጨርቅ ጋር እንዴት አንድ ስም ተጋሩ? የምታውቁ እባካችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ ጻፉልኝ፣ ረጅም ቢሆንም አነበዋለሁ።

ድርና_ማግ

ማኅሌት፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳሽው። ሽመና ሥራዬ ስለሆነ በጨርቁ በኩል ያለውን ልንገርሽ፣ ቢላውን ሌሎች ይመልሱልሻል።

ዳማስክ የክር ስም አይደለም። የአሸማመን ስም ነው። ከሐር ይሠራል፣ ከጥጥ ይሠራል፣ ከሊነን ማለትም ከተልባ እግር ይሠራል፣ ከሱፍም ከፖሊስተርም ይሠራል። ስለዚህ «ፖሊስተር ዳማስክ» የሚለው ሻጭ አልዋሸም። «ዳማስክ ማለት ሐር ነው» የሚለው ነው የተሳሳተው። ድሮ በብዛት ከሐር ይሠራ ስለነበር ነው እንዲህ የሚባለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በርዝመት የሚወጠረው ድር ነው፣ በወርድ የሚመላለሰው ማግ ነው። በተራው ሽመና ክሩ አንዱን ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያለ ይሄዳል። በሳቲን ግን ክሩ አራቱን ከላይ ዘሎ አምስተኛው ሥር ይገባል፤ ረቀቅ ባለው ዓይነት ደግሞ ሰባቱን ዘሎ ስምንተኛው ሥር ነው የሚገባው። ክሩ ሳይታጠፍ ረጅም መንገድ ላይ ላዩን ስለሚተኛ ነው ሳቲን የሚያብረቀርቀው። እንግዲህ ዳማስክ ላይ መደቡ ድሩ ከላይ የተኛበት ሳቲን ነው፣ አበባው ደግሞ ማጉ ከላይ የተኛበት። ክሩም ቀለሙም ያው ሆኖ የሚለያየው አቅጣጫው ብቻ ነው፤ ድሩ ቁልቁል ማጉ አግድም ስለሚተኛ ብርሃኑን በየፊናቸው ይመልሱታል፣ ነፋስ ያስተኛው የሣር ሜዳ አንዱ ቦታ ፈዛዛ ሌላው ቦታ ጠቆር ብሎ እንደሚታየው ማለት ነው። ነጭ በነጭ ሆኖ አበባው የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ይህን ጨርቅ የምወደው ለዚህ ነው፦ ምንም ሳይጨመርበት፣ ሳይጠለፍበት፣ ቀለም ሳይነካው በክር አተኛኘት ብቻ ሥዕል ይወጣዋል።

አሁን ፈተናው። ጨርቁን መስኮት አጠገብ ወስደሽ ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት አድርገሽ ያዢው፣ ከዚያ ሩብ ዙር አዙሪው። ቅድም ያበራ የነበረው አበባ ይደበዝዝና መደቡ ማብራት ይጀምራል። ቀጥሎ ገልብጪው። ጀርባው ላይ ያው አበባ አለ፣ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ፊቱ ላይ ያበራው ጀርባው ላይ ደብዛዛ ነው። ባለ ሁለት ቀለም ከሆነ ደግሞ ቀለሞቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። ቀይ በወርቃማ ያልሽው የሶፋ ጨርቅ ሲገለበጥ ወርቃማ በቀይ ከሆነ ትክክል ነው። ጀርባው ላይ የተንጠለጠሉ ወይም የተቆረጡ ክሮች ካየሽ ግን ለአበባው ብቻ ተጨማሪ ማግ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ያ ግምጃ ነው እንጂ ዳማስክ አይደለም። ጀርባው ነጣ ብሎ አበባው ከጠፋ ወይም ከደበዘዘ ደግሞ የታተመ ነው።

ማኅሌት_ዘ

ድርና ማግ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ነው። የግድግዳ ወረቀቱስ? እሱ እኮ አልተሸመነም። «ጃካርድ» የሚለውስ ምንድን ነው?

ድርና_ማግ

የግድግዳ ወረቀቱ ስሙን ያገኘው ከአበባው ቅርጽ ነው። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን በነቬኒስ፣ በነፍሎረንስና በነጄኖቫ የተሸመኑት የሐር ዳማስኮች ላይ ትልልቅ ሮማንና ሰፋፊ ቅጠል ይበዛ ነበር፣ ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ፣ ከላይና ከታች ሾጠጥ ባለ ክፈፍ ውስጥ እየተደጋገመ። ሀብታም ቤቶች ግድግዳቸውን በዚህ ጨርቅ ያለብሱ ነበር። በኋላ ወረቀቱ ጨርቁን ሲተካ ንድፉን ይዞ ቀጠለ፣ ስሙም አብሮ ሄደ። ስለዚህ ዛሬ የቤት ማስዋብ ሰዎች «ዳማስክ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ያንን ንድፍ ማለታቸው ነው፣ ስኒ ላይም ይታተም ስጦታ መጠቅለያ ላይ። በእኔ እምነት ሻጩ «የዳማስክ ንድፍ» ቢል ምንም ክፋት የለውም፤ የታተመ ጨርቅ ላይ «ዳማስክ» ብቻ ብሎ ከጻፈ ግን ገዢውን እያሳሳተ ነው።

ጃካርድ የማሽን ስም ነው። ከሱ በፊት እንዲህ ዓይነት ጨርቅ የሚሠራው ለሁለት ነበር። ሸማኔው ማጉን ይወረውራል፣ ረዳቱ፣ ብዙ ጊዜ ልጅ፣ ለእያንዳንዱ ውርወራ የትኞቹ የድር ክሮች መነሳት እንዳለባቸው እየለየ ገመዶችን ይጎትታል። አንድ ገመድ ከተሳሳተ አበባው ተበላሸ። የሊዮኑ ጆሴፍ ማሪ ጃካርድ እ.ኤ.አ. በ1804 የዚያን ረዳት ሥራ ለተበሳ ካርቶን ሰጠው። ቀዳዳ ባለበት መርፌው ያልፋል፣ ክሩ ይነሳል፤ ቀዳዳ በሌለበት ክሩ ባለበት ይቀራል። ለእያንዳንዱ ውርወራ አንድ ካርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 የራሱ የጃካርድ ምስል በሐር ተሸምኖ ነበር፣ ወደ 24,000 ካርድ ፈጅቷል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ አንዱን ቅጂ አግኝቶ ለእንግዶቹ ያሳይ ነበር፣ ላቀደው የስሌት ማሽንም የካርዱን ሐሳብ ወስዷል። ስለዚህ ኮምፒውተርና ዳማስክ ዘመዳሞች ናቸው ብል አልተጋነነም።

ዛሬ የሚሸመን ዳማስክ በጠቅላላው ማለት ይቻላል በጃካርድ ማሽን ነው የሚሠራው። ግምጃውም በዚያው ማሽን ይሠራል። «ጃካርድ» የሚለው ቃል ብቻውን በምን እንደተሠራ እንጂ ምን ዓይነት ጨርቅ እንደሆነ አይነግርሽም።

ታሪክ_ወዳጅ

የስሙን ነገር እኔ ልጨምር። ዳማስክ የመጣው ከደማስቆ ነው፣ የሶርያዋ ደማስቆ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሊደርስባት ሲል ብርሃን የወረደባት ያችው ከተማ። ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጨርቁ እዚያ ተፈለሰፈ ማለት አይደለም። ቻይናዎች አበባው በሽመናው ብቻ የሚወጣ ባለ አንድ ቀለም ሐር በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን ይሸምኑ ነበር፤ በባይዛንታይንና በእስላሙ ዓለምም ጌጠኛ የሐር ሽመና ከአውሮፓ ቀድሞ የዳበረ ነው። ደማስቆ ራሷ ጥሩ ሸማኔዎች ነበሯት፣ ከሁሉ በላይ ግን ትልቅ ገበያ ነበረች። ከምሥራቅ የመጣ ዕቃ እዚያ ይራገፋል፣ የጣሊያን ነጋዴ እዚያ ያገኘዋል። ነጋዴ ደግሞ ዕቃን የሚጠራው በገዛበት አገር ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ በአውሮፓ ቋንቋዎች ውስጥ ገብቷል።

ይህ ለዳማስክ ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። ሙስሊን ከሞሱል፣ ካሊኮ ከሕንዷ ካሊከት፣ ዴኒም ከፈረንሳዩ ኒም፣ ጂንስ ከጄኖቫ ነው ስማቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከስሙ ከተማ ወጥተው ሌላ ቦታ ነው የገነኑት። ዳማስክም ወደ ጣሊያን ሄደ፣ በኋላ ፍላንደርስ (የዛሬዋ ቤልጂየም አካባቢ) በተለይ የኮርትራይክ ከተማ በሊነን ሠርቶ የጠረጴዛ ልብስ አደረገው፣ ቀጥሎ ሆላንድ፣ ቀጥሎ አየርላንድ። ማኅሌት ያየሽው ነጭ በነጩ የዚያኛው ዘር ነው።

በእምነት_77

ይቅርታ ላቋርጣችሁ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይስ የለም እንዴ? ትንቢተ አሞጽ ላይ ስለ ደማስቆ ምንጣፍ ወይም አልጋ የሚል ነገር አንብቤያለሁ። ከሆነማ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን በጣም ይቀድማል።

ታሪክ_ወዳጅ

በእምነት፣ አሞጽ 3፥12 ነው። ጥቅሱ ከባድ ነው፣ ተርጓሚዎችም ተለያይተውበታል። ዕብራይስጡ ላይ ያለው ቃል የከተማዋን ስም በጣም ይመስላል፣ በንባቡ ግን ትንሽ ይለያል። ስለዚህ አንዳንዱ ትርጉም «ደማስቆ» ይላል፣ አንዳንዱ የሐር ትራስ ወይም ጥሩ ጨርቅ አድርጎ ይተረጉመዋል። አሁን ዳማስክ የምንለውን ሽመና ማለቱ ነው ለማለት ግን ማስረጃ አይሆንም። እኔ ብሆን በዚያ ጥቅስ ላይ የጨርቅ ታሪክ አልገነባም።

ብረት_ሠሪ

የቢላውን ጥያቄ ለእኔ ተዉልኝ።

ዛሬ ሱቅ ውስጥ «ደማስቆ ብረት» የሚባለውና የድሮው የደማስቆ ሰይፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ሳይለዩ ነው ሰዎች የሚከራከሩት።

የድሮው ውትዝ ከሚባል ብረት የተሠራ ነው። ደቡብ ሕንድና ስሪላንካ ውስጥ ብረቱን በትንሽ የሸክላ ማቅለጫ ከከሰልና ከቅጠል ጋር አሽገው ያቀልጡታል፣ ካርቦን ይጠጣል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። የሚወጣው ድቡልቡል ቁራጭ በንግድ ወደ ፋርስና ወደ ሶርያ ይሄድ ነበር። እዚያ ያሉ አንጥረኞች ከመጠን በላይ ሳያግሉ በጥንቃቄ ቀጥቅጠው ሰይፍ ሲያደርጉት፣ ውስጡ ያለው የካርቦንና የብረት ውሁድ በቀጫጭን መስመር እየተሰለፈ ላዩ ላይ ሞገድ ይወጣል። ማንም አልሳለውም፣ ከራሱ ከብረቱ ውስጥ ነው የሚመጣው። አሠራሩ በኋላ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካዊው የብረት ሳይንቲስት ጆን ቨርሁቨንና አንጥረኛው አልፍሬድ ፔንድሬይ አብረው ሞክረው መልሰው ሠርተውታል፤ ምስጢሩ በብረቱ ውስጥ በጣም በጥቂቱ የሚገኙ እንደ ቫናዲየም ያሉ ንጥረ ነገሮች መሆናቸውንም አሳይተዋል። እንዲህ ያሉ ንጥረ ነገሮች የሌሉበት ብረት በዚያው መንገድ ቢቀጠቀጥ ሞገዱ አይወጣም። ለእጅ ጥበቡ መጥፋት አንዱ ምክንያት ያ ማዕድን መቋረጡ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል።

የአሁኑ ቢላ ግን ሌላ ነው። ሁለት ዓይነት ብረት ይደራረባል፣ በእሳት ይበየዳል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና ይበየዳል። ሲታጠፍ ድርቡ በእጥፍ ይጨምራል፣ 8 የነበረው 16፣ ከዚያ 32፣ ከዚያ 64 ይሆናል። መጨረሻ ላይ አሲድ ውስጥ ይነከርና አንዱ ብረት ይጠቁራል፣ ኒኬል ያለበት ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህን ሥራ በዘመናችን ያስፋፋው አሜሪካዊው ቢላ ሠሪ ዊሊያም ሞራን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራውን ለሙያ ጓደኞቹ ካሳየ በኋላ። ጥሩ ቢላ ይወጣዋል፣ አልጠላውም። ግን ከሰይፉ ጋር የሚጋሩት መልክ ብቻ ነው።

ስሙን በተመለከተ ሁለት አስተያየት አለ። አንዱ ሰይፎቹ ደማስቆ ስለሚሠሩ ወይም ስለሚሸጡ ነው ይላል። ሌላው ሞገዱ ዳማስክ ጨርቅ ስለሚመስል ነው ይላል። እኔ የመጀመሪያው ያሳምነኛል።

እግረ መንገዴን፣ የውሸት ቢላ ብዙ አለ። በሌዘር የተሳለ መስመር ላዩ ላይ ብቻ ነው ያለው። የቢላውን ጀርባ ተመልከቱ። በእውነት የተደራረበ ከሆነ መስመሮቹ ከጎኑ ዞረው ጀርባው ላይም ይቀጥላሉ። በሌዘር የተሳለው መስመር ግን ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ማኅሌት_ዘ

ዋው። ብረት ሠሪ፣ ስለ ብረት እንዲህ አነባለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። እና አንድ ቦታ «ዳማስኪን» የሚል የወርቅ ጌጥ ያለበት ሳጥን አየሁ፣ እሱስ?

ብረት_ሠሪ

እሱ ሦስተኛ ነገር ነው! ብረቱ በደቃቁ ይጫርና የወርቅ ወይም የብር ሽቦ በመዶሻ ይከተከትበታል። በዚህ ሥራ በጣም የሚታወቁት የስፔኗ ቶሌዶ ሰዎች ናቸው። ከሰይፉ ሞገድ ጋር በአሠራር አይገናኝም፣ ስሙ ብቻ ነው ከዚያችው ከተማ የመጣው።

አበባዬሁሽ

ጽጌረዳው ላይ ማንም አልመለሰም፣ እኔ ልሞክር። የዳማስቆ ጽጌረዳ በሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ ዳማሴና ይባላል። በጠንካራ ሽታው የታወቀ ነው። ከመስቀል ጦርነት የተመለሱ ሰዎች ከሶርያ ወደ አውሮፓ አመጡት የሚል ትረካ አለ፣ ስሙም ከዚያ ነው የሚመጣው። ተክሉ ራሱ ግን ድቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የዘረመል ጥናት ሦስት ወላጅ ዝርያ እንዳለው አሳይቷል፣ አንዱ የመካከለኛው እስያ ጽጌረዳ ነው። ስለዚህ ይህም ልክ እንደ ጨርቁ ሥሩ ከደማስቆ ራቅ ይላል።

ዛሬ በብዛት የሚለማው በቡልጋሪያው ካዛንላክ ሸለቆ፣ በቱርኳ ኢስፓርታና በኢራን ካሻን አካባቢ ነው። አበባው ገና ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ይለቀማል፣ ፀሐይ ከመታው ዘይቱ ይተንናል። አንድ ኪሎ ዘይት ለማውጣት ወደ 4 ቶን የሚጠጋ አበባ ይፈልጋል። እና ማኅሌት፣ በርካሽ ትልቅ ጠርሙስ «ንጹሕ የዳማስቆ ጽጌረዳ ዘይት» የሚል ካየሽ፣ ሊሆን አይችልም። ያ ወይ የጽጌረዳ ውሃ ነው ወይ በሌላ ዘይት የቀጠነ ነው።

በእንግሊዝኛ ዳማስክ የቀለም ስምም ይሆናል፣ የዚህ አበባ ቀላ ያለ ሮዝ ቀለም ማለት ነው። ዳምሰን የሚባለው ትንሽ ጥቁር ሰማያዊ ፕሪምም ስሙ «የደማስቆ ፕሪም» ከሚል የላቲን ስም የመጣ ነው።

ሳህል_መንገደኛ

ማንም ያላነሳው አንድ ዳማስክ አለ፣ ባዛን። ማሊ፣ ሴኔጋል፣ ጊኒ ስትሄዱ በየበዓሉ የምታዩት የሚያብረቀርቅ ሰፊ ቀሚስ ከዚህ ነው። ባዛን የጥጥ ዳማስክ ነው። ነጩ ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ይመጣል፣ ጥሩ የሚባለው ከኦስትሪያና ከጀርመን፣ ረከስ ያለው ከቻይና። ከዚያ ባማኮ ውስጥ ሴቶች በእጃቸው በደማቁ ያቀልሙታል፣ ሙጫ ወይም ስታርች ያጠጡታል። ሲደርቅ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ግንድ ላይ ዘርግተው በከባድ የእንጨት ዱላ ተራ በተራ ይወቅጡታል። በመውቀጡ ብዛት ጨርቁ ሲራመዱበት ኮሽ ኮሽ ይላል፣ የተወቀጠው ፊቱ መስታወት ይመስላል። ዱላውን የሚወቅጡት ወጣቶች ምቱን ሳያዛቡ ሲቀባበሉ ማየት ራሱ ደስ ይላል። የዳማስኩ አበባ በቀለሙ ውስጥ ይታያል፣ ብርሃን ሲያገኘው ብቅ ይላል። አውሮፓ ለጠረጴዛ የሠራውን ጨርቅ እነሱ የክብር ልብስ አድርገውታል፣ እኔ ከሁሉም ዳማስክ ይሄኛውን ነው የማስበልጠው።

ማኅሌት_ዘ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ይህን ያህል መልስ አልጠበቅኩም። አሁን የምገዛውን ለይቻለሁ፦ ለጠረጴዛ ሊነን ዳማስክ፣ ለመጋረጃ ጥጥና ሐር ድብልቅ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለድርና ማግ። አጠባውና አያያዙ እንዴት ነው? ክሩ ይመዘዛል ሲሉም ሰምቻለሁ።

ድርና_ማግ

ሊነኑ ቀላል ነው። ይታጠባል፣ ሙቅ ውሃም ይችላል፣ በረኪና ግን አታስነኪው፣ ክሩን ይበላዋል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ገና እርጥበት እያለው ተኩሺው። መጀመሪያ በጀርባው፣ ከዚያ በፊቱ፤ በፊቱ ሲተኮስ ነው ሳቲኑ የሚያበራው። ከደረቀ በኋላ ከተኮስሽው የታጠፈበት መስመር አይለቅም።

ሐር ያለበትን መጋረጃ ለላውንደሪ ስጪው፣ እቤት አትንከሪው። ሐርና ጥጥ እኩል ስለማይሰበሰቡ ከታጠበ በኋላ ሊጨማደድ ይችላል። ደግሞ ገበር አስደርጊበት። ፀሐይ ሐርን ቀስ በቀስ ታደርቀዋለች፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነካ ሲያደርጉት ይተረተራል፤ ገበሩ ያን ይከላከልልሻል።

መመዘዙ እውነት ነው። ክሩ ረጅም መንገድ ሳይያያዝ ስለሚተኛ ቀለበት ወይም የድመት ጥፍር ሊስበው ይችላል። ለሶፋ የምትገዢ ከሆነ ዝላዩ አጭር የሆነውን፣ በጥፍርሽ ጫር ስታደርጊው የማይነሳውን ምረጪ። የተመዘዘ ክር ካገኘሽ በፍጹም አትቁረጪው፣ ከቆረጥሽው ቀዳዳ ይሆናል። ቀጭን መርፌ ወስደሽ የተሳበውን ክር ወደመጣበት አቅጣጫ፣ ከአንዱ ዝላይ ወደ ቀጣዩ በጥቂት በጥቂቱ እየመለስሽ አከፋፍዪው። የቀረውን ትርፍ በመርፌው ወደ ጀርባ አሳልፊውና እዚያው ተዪው፣ ከፊት አይታይም።